ካርታው ታብሌት ላይ ይሁን፤ መንገዱ ግን ጭንቅላታችን ውስጥ ይኑር

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ያደግነው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ የምንሠራው ቢሮ ውስጥ፣ ደመወዛችን የሚያልቀው ግን ሰማይ ላይ ነው። ሁለታችን ትንሽ አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ አለን፤ ሦስተኛዋ ገና ተማሪ ናት። የራሳችን አውሮፕላን የለንም። አንድ አሮጌ ሴስና 172 በሰዓት እየተከራየን፣ ሒሳቡን ለሦስት እየተካፈልን እንበርራለን። እናቶቻችን ነገሩን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። «መኪናው ምን ጎደለው?» ይሉናል።

ዛሬ ለመጻፍ የተነሳነው ግን ስለ እናቶቻችን ስጋት አይደለም። በምንበርርበት ሜዳ፣ ቡና መጠጫዋ ክፍል ውስጥ ስለማያልቅ አንድ ክርክር ነው። በአንዱ ጥግ አንጋፋዎቹ አብራሪዎች የወረቀት ካርታቸውን እንደ ጋቢ አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በሌላው ጥግ እኛ ታብሌታችንን ታቅፈን እንቀመጣለን። እነሱ «ባትሪው ሲያልቅ እናያችኋለን» ይሉናል። እኛ ደግሞ «ካርታችሁ ስንት ዓመቱ ነው?» እንላቸዋለን። ይሳቃል፣ ቡናው ይጠጣል፣ ማንም ሐሳቡን ሳይቀይር ይበተናል።

እኛ ከታብሌት ወገን ነን። ዛሬም ነን። ባለፈው ጁላይ የደረሰብን ነገር ግን ክርክሩን ሁለታችንም ወገኖች በተሳሳተ ቦታ እንደያዝነው አሳየን። እናውጋችሁ።

የጠቆረው ስክሪን

ቨርጂኒያ፣ ቻርሎትስቪል ላይ ምሳ በልተን ወደ ሜሪላንድ እየተመለስን ነበር። ከአንድ ሰዓት ያነሰ በረራ ነው። ዝናብ የለም፣ ነፋስ የለም፤ ሙቀቱ ያመጣው ነጣ ያለ ብናኝ ብቻ አድማሱን ሸፍኖታል። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ፀሐይዋ በግራ መስኮት ገብታ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ታብሌት ትመታዋለች። ስክሪኑ መሐል ላይ ያለችው ትንሽ አውሮፕላን (እኛ መሆናችን ነው) በተሠመረላት መስመር ላይ ቀስ እያለች ወደ ሰሜን ትሄዳለች። እኛ ደግሞ ወሬያችንን ይዘናል።

ድንገት ስክሪኑ ጠቆረ። «በጣም ሞቋል፤ ሳይቀዘቅዝ አይሠራም» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ቀረ።

«የት ነን?» አለ አንዳችን።

መልስ የለም። ከፊት የተቀመጥነው ሁለታችንም ፈቃድ ያለን ነን። ሁለታችንም ፈተናውን አልፈናል። ከአንድ ደቂቃ በፊት የት እንደነበርን እንኳ አናውቅም ነበር። መስኮቱን አላየንማ! ያየነው ስክሪኑን ነበር።

ዋሽንግተን አካባቢ የማይበርር ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ሊል ይችላል። በሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ብዙም ላይኖርበት ይችላል። እዚህ ግን ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ30 ኖቲካል ማይል (56 ኪሎ ሜትር ገደማ) ክብ ውስጥ ዝም ብሎ መግባት አይቻልም። የበረራ ዕቅድ ማስመዝገብ፣ ለዚያ በረራ ብቻ የሚሰጥ የትራንስፖንደር ኮድ መያዝና ከተቆጣጣሪዎች ጋር በሬዲዮ መገናኘት ግዴታ ነው። መስመሩ መሬት ላይ አልተሠመረም፤ አጥር የለው፣ ቀለም የለው። ካርታ ላይ ብቻ ነው ያለው። ካርታው ደግሞ አሁን ጠቁሯል።

ያለ ፈቃድ የገባ ምን እንደሚገጥመው የዚህ ከተማ ሰው ያስታውሳል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሜይ 11 ቀን 2005 ሁለት ሰዎች የያዘች አንዲት ሴስና 150 ከፔንሲልቫኒያ ተነስታ ሰሜን ካሮላይና ወደሚካሄድ የአየር ትርዒት ስትሄድ መንገድ ስታ እዚህ ክልል ውስጥ ገባች። ዋይት ሐውስና ካፒቶል ባዶ እስኪሆኑ ሰው ሮጦ ወጣ። ኤፍ 16 ተዋጊ አውሮፕላኖች ተነስተው የማስጠንቀቂያ ነበልባል ተኮሱ። ትንሿ አውሮፕላን ከዋይት ሐውስ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ደርሳ ነበር። በመጨረሻ ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ እንድታርፍ ተደረገች። በሰዎቹ ላይ ክፉ ነገር ያልደረሰባቸው በእግዜር ቸርነት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እኛም በዚያች ሰዓት ያሰብነው ይህንኑ ነበር። አውሮፕላናችን በደቂቃ ወደ ሁለት ኖቲካል ማይል ትሄዳለች። ስልክ አወጣን፤ የበረራ ካርታው አልተጫነበትም። ሬዲዮ አለን፤ ግን ጠርቶ «ጠፍተናል» ለማለት አፈርን። ማፈራችን እንዴት ያለ ጅልነት እንደነበር በኋላ ይገባችኋል። በዚህ መሐል ወደ አራት ደቂቃ አለፈ።

ያዳነችን ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪያችን ናት። «ብሉ ሪጅ በግራችን መሆን አለበት» አለች። «ወደ ምዕራብ ዙሩ። ተራራው ከሥራችን ሲመጣ ከክቡ ውጭ ነን። ከዚያ ተራራውን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ሁለት ወንዝ ተገናኝቶ ተራራውን ሲቆርጠው ካያችሁ ሃርፐርስ ፌሪ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ነው።»

ቀና ብለን ወደ ግራ አየን። ተራራው በብናኙ ውስጥ እንደ ጥላ ተኝቷል። ቀድሞውንም እዚያው ነበር፤ እኛ ስላልፈለግነው አላየነውም። ዞርን፣ ተራራው ላይ ደረስን፣ ተከተልነው። ሸናንዶዋና ፖቶማክ የሚገናኙበትን ስናይ እንደዚያ ቀን ወንዝ ወደን አናውቅም።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቀች? አስተማሪዋ ከአንጋፋዎቹ ወገን ነው፤ ታብሌት አያስነካትም። የዚያን ቀን ዋዜማ የቤት ሥራ ብሎ መንገዱን በወረቀት ካርታ ላይ በእርሳስና በማስመሪያ እንድትሠራ አዟት ነበር። እኛ ሁለታችን «ምስኪን!» ብለን ስንስቅባት ነበር ያመሸነው።

ታዲያ ወደ ወረቀት እንመለስ?

አንጋፋዎቹ ታሪኩን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «አላልናችሁም?» አሉ። ቆይ እንጂ፤ አልቸኮላችሁም?

የወረቀትን ጥፋትም እንናገር። አሜሪካ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን የሚያበርር ሰው የሚይዘው ሴክሽናል የሚባለው ካርታ ልኬቱ 1 ለ500,000 ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አምስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቀድሞ አብዛኛው በስድስት ወር አንዴ ነበር የሚታተመው፤ ከ2021 ወዲህ በየ56 ቀኑ ይታደሳል። በ56 ቀን ውስጥ ስንቱ የሬዲዮ ማማ ይቆማል! ስንቱ ድግግሞሽ ይቀየራል! በየ56 ቀኑ ሄዶ አዲስ የሚገዛ ስንት ሰው ነው? ቡና ክፍሏ ውስጥ ከምናያቸው ካርታዎች መካከል ዕድሜያቸው ከእኛ ፈቃድ የሚበልጥ አለ። የዲጂታሉ ቅጂ ግን ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ዘንድ በነፃ ይወርዳል።

ከዚያ ደግሞ ወረቀት ጨርሶ ሊያውቀው የማይችለው ነገር አለ። ፕሬዚዳንቱ ቅዳሜና እሁድን ካምፕ ዴቪድ ሊያሳልፍ ሲሄድ፣ ከዚያ በላይ ያለው የተከለከለ የአየር ክልል ለጊዜው ይሰፋል። የሰፋው ክልል ወረቀት ላይ አይታተምም። ታብሌቱ ግን ጠዋት ከኢንተርኔት ጋር ካገናኙት ቀይ ክብ አድርጎ ያሳያል። ለእኛ፣ ሜሪላንድ ላይ ለምንበርረው፣ ይህቺ ቀይ ክብ ብቻዋን የታብሌቱን ዋጋ ትከፍላለች።

እንዲያውም ወረቀቱም በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ኤልሪ ጄፕሰን የሚባል የፖስታ አብራሪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በ10 ሳንቲም ትንሽ ደብተር ገዝቶ የየሜዳውን ርዝመት፣ የኮረብታውንና የማማውን ከፍታ፣ ስለ አየሩ ሊነግሩት የሚችሉ ገበሬዎችን ስልክ ቁጥር ይጽፍ ጀመር። ሌሎቹ አብራሪዎች ደብተሩን ለመኑት፤ በ1934 ንግድ አደረገው። ያ ደብተር ያደገበት ኩባንያ ከቦይንግ እጅ ገብቶ፣ በ2025 ከፎርፍላይት የታብሌት መተግበሪያና ከሌሎች ጋር አንድ ላይ በ10.55 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ ስምምነት ተፈረመበት። ሰውየው ደብተሩን የያዘው ወረቀት ስለሚወድ አልነበረም። ትኩስና እውነተኛ መረጃ አጠገቡ እንዲሆን ስለፈለገ ነው። ዛሬ ቢኖር የትኛው ጥግ ይቀመጥ ነበር ትላላችሁ? እኛ ጠርጥረናል።

ታብሌቱ የማይነግረን

የራሳችንንም ወገን ግን ሳንማር እንናገር።

አንደኛ፣ ታብሌት የተሠራው ለሶፋ ነው። ብዙ ታብሌቶች እንዲሠሩበት የተነገረላቸው ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። የጁላይ ፀሐይ የምትመታው የአውሮፕላን መስታወት ግን ይህን አይሰማም። በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩት አይፓዶች ደግሞ የጂፒኤስ መቀበያ ጭራሽ የላቸውም፤ መቀበያውን ለብቻው ገዝቶ ማገናኘት ይጠይቃል። ይህን አየር ላይ ከወጣ በኋላ የሚያውቅ ተማሪ አለ።

ሁለተኛ፣ ስክሪን ላይ ያለ ሁሉ «አሁን» ይመስላል። አሁን ግን ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ኮክፒት ውስጥ የሚታየው የዝናብ ራዳር ሥዕል ላዩ ላይ ከተጻፈው ዕድሜ በተጨማሪ 15 እና 20 ደቂቃ ያረጀ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። «አንድ ደቂቃ» የሚለውን አምኖ በሁለት የነጎድጓድ ደመና መካከል ልሹለክ ያለ ሰው ክፍተቱ ከ15 ደቂቃ በፊት እንደተዘጋ አያውቅም። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ የሚባለው ለሰማይም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ «ሁለት ታብሌት ይዣለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ታብሌት መያዝ ነው። በኤፕሪል 2015 የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የካርታ መተግበሪያ ተበላሽቶ በደርዘን የሚቆጠሩ በረራዎች ዘገዩ። መንስኤው የአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ካርታ መረጃው ውስጥ ሁለት ጊዜ መገኘቱ ነበር። የዋናው አብራሪም የረዳቱም ታብሌት ያንኑ መተግበሪያ የያዘ ስለሆነ አንዱ ለሌላው መድኅን አልሆነም። ደግነቱ አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ ነበሩ።

አራተኛ፣ ጂፒኤስ ራሱ ይዋሻል። በ2024 እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ስልካቸውን ሲከፍቱ «ቤሩት ነህ» ይላቸው ነበር፤ ሆን ተብሎ የሚላክ ሐሰተኛ ምልክት ነው። በዚያው ዓመት ፊንኤር በጂፒኤስ መታወክ ምክንያት ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቋርጧል። ምልክቱ ሲጠፋስ ጥሩ፤ ይታወቃል። ትንሿ አውሮፕላን በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቦታ ላይ ስትቀመጥ ነው ጭንቁ።

አምስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የካሊ ታሪክ ነው። ዲሴምበር 20 ቀን 1995 ወደ ኮሎምቢያዋ ካሊ ይወርድ የነበረ ቦይንግ 757 አብራሪዎች ሮሶ ወደሚባል የሬዲዮ ምልክት ማምራት ነበረባቸው። የወረቀት ካርታቸው ላይ ሮሶ የሚታወቀው በአንዲት «አር» ፊደል ነው። ፊደሏን ኮምፒውተሩ ላይ መቱ። የኮምፒውተሩ መረጃ ግን በዚያች ፊደል ቀድሞ የሚያወጣው ቦጎታ አጠገብ ያለውን ሮሜዮ የሚባል ሌላ ምልክት ነበር። ሳያጣሩ አጸደቁት፤ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ወደ ተራራው ዞረ። ከ163 ሰዎች 159ኙ አለቁ። በዚያ ኮክፒት ውስጥ ወረቀቱም ነበረ፤ ኤሌክትሮኒኩም ነበረ። የጎደለው «ይህ ነገር ወዴት እየወሰደን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ የተጠየቀ ጊዜ ደግሞ ረፍዶ ነበር።

የአባቶቻችን ታክሲ

ለዚህ ነው ክርክሩ በተሳሳተ ቦታ ተይዟል ያልነው። ጥያቄው ወረቀት ወይስ ስክሪን አይደለም። ጥያቄው መንገዱን ማን ያውቀዋል የሚል ነው።

ብዙዎቻችን የታክሲ ነጂ ልጆች ነን። አባቶቻችን ዲሲ ውስጥ ሲነዱ፣ የታክሲ ሒሳብ በዞን ካርታ በሚሰላበት ዘመን (እስከ 2008 ድረስ ማለት ነው)፣ ከተማውን በልባቸው ያውቁት ነበር። ካርታው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ግን አያዩትም። አዲስ አበባም ያሉ ዘመዶቻችን ቤታቸውን ሲያመላክቱ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ» ነው የሚሉት። እኛ ደግሞ ስልኩ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ካላለን የተወለድንበትን ሰፈር እንስታለን። ልዩነቱ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ማሰብ ይችላል። አውሮፕላን አይቆምም።

በረራ ላይ በወንዝ፣ በተራራና በመንገድ እየለዩ መሄድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በሰዓት፣ በፍጥነትና በኮምፓስ እያሰሉ መሄድም እንዲሁ። ሁለቱም ዛሬም ለግል አብራሪነት ፈተና ይጠየቃሉ። እኛም ተፈትነን አልፈናል። ካለፍን በኋላ ግን ትንሿ አውሮፕላን ሁሉን ስለምታደርግልን ረሳናቸው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆንን። የተማሪያችን እርሳስ ታምር አልሠራም፤ መስመሩን ስትስብ ግን ዓይኗ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ክቡን አንድ በአንድ እንድታልፍ አስገደዳት። ታብሌቱ ግን የመነሻና የመድረሻውን ስም ብቻ ጠይቆን መስመሩን በአንድ ሴኮንድ ሳበልን። ጊዜ ቆጠበልን፤ ትምህርቱንም አብሮ ቆጠበው።

ስለዚህ ምን ይሁን ነው የምንለው?

ተማሪዎች ከታብሌት አይከልከሉ፤ ነገ የሚበርሩት በእሱ ነው። ነገር ግን ብቻቸውን ረጅም መንገድ እስኪበርሩ ድረስ ታብሌቱ ቦታቸውን እንዳያሳይ ተደርጎ፣ ካርታው ብቻ ይቅርላቸው። «እዚህ ነህ» የሚል ነገር ከሌለ ሰው በመስኮት ማየት ግዱ ነው። መንገዱንም መጀመሪያ በእጃቸው ይሥሩ፣ ከዚያ ከታብሌቱ ጋር ያመሳክሩ።

ፈቃድ ያለንም በየአሥር ደቂቃው ስክሪኑን ከማየታችን በፊት ያለንበትን ጮክ ብለን እንናገር፤ «በግራ ተራራው፣ ከፊት መንገዱ፣ ወንዙ ሊመጣ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።» ከዚያ እንይና እንታረም። እኛ ከጁላይ ወዲህ ይህን እያደረግን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ጊዜ ተሳስተን ነበር። ያስደነገጠንም እሱ ነው።

መጠባበቂያ ደግሞ ዋናውን በሚገድለው ነገር የማይሞት ይሁን። የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ለግል በረራ በኤሌክትሮኒክ ካርታ ብቻ መሄድን አይከለክልም፤ መጠባበቂያ መያዝን ግን ይመክራል። ለእኛ መጠባበቂያ ማለት አንድ የታጠፈ ሴክሽናልና መንገዱ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ናት። ፀሐይ አያጠቁራትም፣ ሐሰተኛ ምልክት አያታልላትም። የአውሮፕላናችን ቪኦአር መቀበያም እዚያው ፊታችን ነበር፤ በዚያ ቀን ማናችንም አላስታወስነውም። አሁን ሳንነሳ በፊት ድግግሞሹን ሞልተን ነው የምንወጣው።

በመጨረሻም፣ የጠፋ ሰው ይናገር። ለጠፋ አብራሪ ከሚሰጡት የቆዩ ምክሮች አንዱ «ተናዘዝ» የሚል ነው፤ ሬዲዮውን አንስተህ መጥፋትህን ንገር ማለት ነው። ራዳር ያላቸው ሰዎች ከወዲያ ማዶ ተቀምጠዋል። እኛ አራት ደቂቃ ያፈርነው ማንን ብለን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም።

ያን ቀን ካረፍን በኋላ ታብሌቱ ቀዝቅዞ ተነሳ። የሄድንበትን መንገድ የመዘገበውን መስመር ከፍተን አየነው። ከቻርሎትስቪል ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ መሐል ላይ ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ወደ ክቡ ምን ያህል ቀርበን እንደነበር ማወቅ አልቻልንም። ያቺን ባዶ ቦታ የሞላው የአንዲት ተማሪ የእርሳስ መስመር ነው።

አንጋፋዎቹ ሆይ፣ ካርታችሁን አድሱ። ታብሌቶች ሆይ፣ ቀና በሉ። የሚቀጥለውን ቡና እኛ እንጋብዛለን።